ሥራ አስኪያጆች ስለ ኢንተርኔት ቴክኖሎጂ ምን ያህል ይማሩ?

ለሥራ አስኪያጆች በሚሰጥ የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሥልጠና ውስጥ ቴክኒካዊው ክፍል ምን ያህል ጥልቀት ሊኖረው ይገባል ብለው ለጠየቁት ጥያቄ የእኔ መልስ፣ ኮድ መጻፉን ይተዉት፣ የሥርዓቱን አሠራር ግን በፍጹም አይዝለሉት የሚል ነው።

እኔ የምመርጠው አንድን የግዢ ትእዛዝ ከመነሻው እስከ መድረሻው መከተልን ነው። ደንበኛው የድረ ገጹን አድራሻ ከጻፈበት ቅጽበት አንሥቶ የድረ ገጹ ስም በዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር በሚተረጉመው ሥርዓት) አማካይነት ወደ አይፒ አድራሻ (ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት ላይ ወደሚለዩበት ቁጥር) ሲለወጥ፣ ግንኙነቱ በኤችቲቲፒኤስ (በደንበኛውና በድረ ገጹ መካከል የሚተላለፈውን መረጃ ሌላ ሰው እንዳያነበው በሚጠብቀው ስልት) ሲመሰጠር፣ ክፍያው በባንክ ሲረጋገጥና ዕቃው ከመጋዘን መዝገብ ሲቀነስ ያለውን ሂደት ሠልጣኞቹ ራሳቸው በወረቀት ላይ ይሣሉት። ከዚያም በእያንዳንዱ ደረጃ «ይህ ቢቋረጥ ደንበኛው ምን ያያል? ኃላፊነቱስ የማን ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። በተለይ ገንዘቡ ከደንበኛው ሒሳብ ወጥቶ ትእዛዙ ሳይመዘገብ ሲቀር ምን እንደሚደረግ ሰፊ ጊዜ ሰጥተው ያወያዩአቸው፤ የደንበኛ እምነት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና፣ መፍትሔውም የፕሮግራም አዘጋጁ ብቻ ሳይሆን የፋይናንስና የደንበኞች አገልግሎት ክፍሎች ጭምር ነው።

ስለ ኢንተርኔት ታሪክ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ለውይይት የሚሆን ምሳሌ ከፈለጉ የአሜሪካውን ዌብቫን ይውሰዱ። ይህ የምግብ ሸቀጦችን በኢንተርኔት ይሸጥ የነበረ ድርጅት በቂ ገበያ ከማግኘቱ በፊት እጅግ ውድ የሆኑ መጋዘኖችን በማስፋፋቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ከስሯል። ሠልጣኞችዎ የድረ ገጹን ጥራት ከመመርመራቸው በፊት የአንዱን ትእዛዝ ወጪ እንዲያሰሉ ያድርጉ።