የሠርግ በጀትን በወጪ ዘርፍ ስለ መደልደል

ጤና ይስጥልኝ። ያለዎትን ገንዘብ ለየትኛው የሠርግ ወጪ ምን ያህል እንደሚመድቡና ከየት እንደሚጀምሩ ጠይቀዋል። እኔ አጥብቄ የምመክረው፣ ከሁሉ በፊት የእንግዶቹን ቁጥር ከእጮኛዎና ከሁለቱም ቤተሰቦች ጋር ተነጋግረው እንዲወስኑ ነው። ምክንያቱም ምግብ፣ መጠጥ፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ የጥሪ ካርድ፣ የአዳራሹም ስፋት ጭምር በዚያ ቁጥር ልክ ከፍና ዝቅ ሲሉ፣ ቀለበት፣ የሙሽሮች ልብስ፣ ፎቶና ቪዲዮ ግን የተጠራው ሰው በዛም አነሰም ዋጋቸው ብዙም አይለወጥም። ለምሳሌ ከጠቅላላ ወጪው 60 በመቶው በእንግዳ ቁጥር የሚወሰን ቢሆን፣ ተጋባዡን ከ200 ወደ 150 ማውረድ ብቻውን ከጠቅላላው 15 በመቶ ያህሉን ያድናል፤ ይህን ያህል ገንዘብ ከአበባና ከዲኮር ላይ ቀናንሶ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ላልታሰበ ወጪ የሚሆን መጠባበቂያ፣ ከጠቅላላው በጀት 10 በመቶ ያህል፣ ከመጀመሪያው ለብቻው ያስቀምጡ፤ ከሌላው የተረፈ ይሆናል ተብሎ የታሰበ መጠባበቂያ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

ለእያንዳንዱ ዘርፍ የተገመተውን፣ በውል የተስማሙበትን፣ የከፈሉትን ቀብድና ቀሪው የሚከፈልበትን ቀን በአንድ ሠንጠረዥ ይያዙ፤ ብዙ ጥንዶችን የሚያስጨንቃቸው የድምሩ መብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ቀሪ ክፍያዎች ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት መደራረባቸው ነው። ውል ሲፈርሙም ዋጋው ታክስን፣ ትራንስፖርትንና የተጨማሪ ሰዓት ክፍያን ማካተት አለማካተቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ። የልብስ ማስተካከያንና በዕለቱ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ምግብም በግምቱ ውስጥ ያስገቡ።