ከክሬሙ በፊት ጥርሳችሁ

ውድ ልጆቼ፣

አዲስ አበባ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ከቆምኩ 31 ዓመቴ ነው፤ ዕድሜዬ ደግሞ 57። ሴቶች ግራ ቀኙን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሚጠይቁኝ ነገር አንዱ «ፊቴ ወረደ፤ ምን ልቀባ?» የሚለው ነው። ድሮ እንዲህ የሚሉኝ ከ50 በላይ የሆኑት ነበሩ። አሁን 30 ያልሞላቸውም ይመጣሉ፣ አንዳንዷ ለራሷ፣ አንዳንዷ ለእናቷ። ለእናንተ መጻፌ ለዚህ ነው። በ45 ዓመታችሁ መስታወት ውስጥ የምታገኙት ፊት አሁን እየተሠራ ነው፤ ለእናቶቻችሁም ከደመወዛችሁ ቆርጣችሁ ክሬም የምትገዙት እናንተው ናችሁ። ያ ገንዘብ በከንቱ እንዳይሄድ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በ46 ዓመቴ መታወቂያ ላሳድስ ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶ አንሺው አራቱን ጉርድ በመቀስ ቆርጦ ሲሰጠኝ አንዱን ወደ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት። ከአፌ ዳር ወደ አገጬ የሚወርድ መስመር፤ በግራ መንጋጋዬ ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደ ትንሽ ከረጢት ቁልቁል የተንጠለጠለ ሥጋ። እናቴን መሰልኩ፤ ያውም በመጨረሻዎቹ ዓመታት የነበረችውን እናቴን። በዚያው ሳምንት ዱባይ ለምትመላለስ አንዲት ነጋዴ ገንዘብ ሰጥቼ «ኮላጅን» የተጻፈበት ክሬም አስመጣሁ። የወር ደመወዜን ግማሽ በላ። ኮላጅን ቆዳን አጠንክሮ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ቢቀቡት በቆዳ አልፎ ገብቶ የጎደለውን አይተካም። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ለሌሎችም ስናገረው ኖሬያለሁ። የራሴ ጉንጭ ሲሆን ግን ፈራሁ፤ የፈራ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ትቶ ተስፋ የሰጠውን ይገዛል። ሦስት ወር ቀባሁት። ቆዳዬ ለሰለሰ፤ ያንን ቫዝሊንም ያደርገው ነበር። ከረጢቷ ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

እስኪ አንድ ነገር ከእናታችሁ ጋር ሞክሩ። የእጅ መስታወት ይዛ አልጋ ላይ በጀርባዋ ትጋደምና ፊቷን ትይ። ከዚያ ትነሣና መስታወቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ትይ። የ20 ዓመት ልጅ በሁለቱም ያው ናት ማለት ይቻላል። የ50 ዓመት ሴት ግን ስትጋደም ታናሽ እህቷን፣ ስታጎነብስ ታላቅ እህቷን ታያለች። ቆዳው በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። የተለወጠው ከሥር የሚይዘው ነው። ከቆዳ ሥር ስብ አለ፤ ስቡንና ቆዳውን ከአጥንት ጋር አስሮ የሚይዝ ጅማት አለ፤ ከሁሉ በታች አጥንቱ አለ። ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ጉንጭ ስብ ይቀንሳል፣ ጅማቱ ይላላል፣ አጥንቱም ራሱ ይሸረሸራል፤ የዓይን ጉድጓድ ይሰፋል፣ መንጋጋ ያንሳል። ቆዳውም ከወጣትነት ጀምሮ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ኮላጅን ያጣል፤ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ባሉት 5 ዓመታት ብቻ እስከ 30 በመቶው ሊሄድ ይችላል። ብዙ ሴት «በአንድ ጊዜ አረጀሁ» ስትል እውነቷን ነው።

የድንኳን ምሰሶ ካጠረ ሸራው ቢታጠብም ቢቀባም አይወጠርም። ክሬም የሚደርሰው ሸራው ላይ ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው ወጪውን ከምሰሶው ይጀምር የምለው ለዚህ ነው።

ከምሰሶዎቹ ሁሉ በእጃችን ያለው ጥርስ ነው። የመንጋጋ አጥንት ጥርስ የተተከለበት ክፍል ጸንቶ የሚኖረው ጥርሱ እስካለ ድረስ ነው። ስናኝክ ጥርሱ አጥንቱን ይጫነዋል፣ አጥንቱም ያን ጫና ለመሸከም ራሱን እያደሰ ይኖራል። ጥርሱ ሲነቀል አጥንቱ ሥራ ይፈታና መሟሟት ይጀምራል፤ በተነቀለበት ቦታ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል። እኔ በ38 ዓመቴ በግራ በኩል ከታች ሁለት የመንጋጋ ጥርሶች ተበሉብኝ። ማስሞላቱ ውድ ነበር፣ ማስነቀሉ ርካሽ። ልጆች ትምህርት ቤት የሚከፈልበት ወር ስለነበር «ንቀሉልኝ» አልኩ። ከ8 ዓመት በኋላ በዚያ ፎቶ ላይ ያየኋት ከረጢት የተንጠለጠለችው በዚያው በግራ በኩል ነው። ከዕድሜዬ ምን ያህሉ፣ ከጥርሶቼ ምን ያህሉ እንደሆነ ለይቶ የሚነግረኝ ሰው የለም። ግን ያን ቀን ብድር ገብቼም ቢሆን ባስሞላ ኖሮ እላለሁ፤ እስከ ዛሬ እላለሁ።

ስለዚህ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለቴ ቦርሹ። መፋቂያ የለመደ መፋቂያውን አይተው፤ በደንብ ከፋቁበት ያጸዳል። ነጥብ የምታህል ጥቁር ቀዳዳ ሳያም ሳለ ለማስሞላት ሂዱ፤ ሥሩ ድረስ ዘልቆ ሌሊት ከማስለቀሱ በፊት ዋጋው ሌላ ነው። እናታችሁ ጥርሶቿ ወልቀው ከንፈሯ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ለክሬም ያሰባችሁትን አጠራቅማችሁ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠሩላት። ከንፈርና ጉንጭ ከውስጥ ድጋፍ ሲያገኙ የፊት ታችኛው ክፍል እንዴት እንደሚነሣ ዓይኔ አይቷል። ደግሞም ሥጋ ታኝክበታለች።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት፣ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይሰማንም እንጂ፣ በጠራ ቀን ጅቡቲ ወደብ ላይ ከቆመ ሰው ይልቅ እኛን የሚመታን ጨረር ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አውጥቶ ነበር፤ ለ28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። የቀኝ ፊቱ የዕድሜው ነው። በመስኮት በኩል ያለው ግራው ግን ተሸብሽቦና ወርዶ የአባቱን ይመስላል። የመስኮት መስታወት ቆዳን የሚያቃጥለውን ጨረር ይከለክላል፣ ወደ ጥልቅ ገብቶ ኮላጅን የሚበጣጥሰውን ግን ያሳልፈዋል። እዚህም ሾፌር የሚቀመጠው በግራ ነው፤ ሚኒባስ ለሚነዱ ወንድሞቻችሁ ንገሩልኝ።

«እኛ ጥቁር ነን፣ ፀሐይ ምን ያደርገናል?» የሚል አይጠፋም። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን እውነተኛ ጸጋ ነው፤ ሽብሽብታው ከነጮቹ ዘግይቶ ይመጣብናል። ማድያቱ ግን ቀድሞ ይመጣል፣ ውስጥ ውስጡን ኮላጅኑም ይጎዳል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት መግዛት ከቻላችሁ የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ያዙ፤ ማድያት ያለባት ደግሞ የቆዳ ቀለም የተቀላቀለበትን ትምረጥ። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ለፊትና ለአንገት ብቻ ተጠቀሙበት፣ ክንድን እጅጌ ይሸፍነዋል። ያም ካልተቻለ ጥቁር ዣንጥላ ያዙ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለ ዣንጥላ ከቤት የማይወጡ እናቶች ነበሩን። የኛ ትውልድ እንደ ኋላ ቀርነት አየውና ተወው፤ እናንተ መልሱት። ነጠላ ብቻውን አይበቃም፣ ስስ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የ23 ዓመት ልጅ የፕላስቲክ ዕቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ይህን ያህል የሚሞላ ክሬም እፈልጋለሁ እትዬ፤ ሠርጌ ደርሷል» አለችኝ። ክዳኑን ስከፍተው ግድግዳው ላይ የደረቀ ሮዝ ቅባትና የማንኪያ ጭረት አለ። ሦስት ቱቦ አንድ ላይ አፍስሳ ስታማስል ኖራለች። አንዱ ክሎቤታሶል ነው፤ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ለከባድ የቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ በሐኪም የሚታዘዝ። አንዱ ሃይድሮኪኖን፤ ቆዳ የሚያቀላ መድኃኒት። ሦስተኛው ምን እንደሆነ እሷም አታውቀውም። ጉንጯን ጣቴ ላይ ስይዘው ቀጭን ነው፣ ቀያይ ሥሮች ከላይ ይታያሉ። ስቴሮይድ መጀመሪያ ያቀላል፣ ያለሰልሳል፣ ሰውም «አማረብሽ» ይላል። ውስጥ ግን ቆዳው ኮላጅን መሥራት እንዲያቆም ያዘዋል። እናቷ በ50 ዓመቷ የምትሸሸውን ስስ ቆዳ ልጅቷ በ23 ዓመቷ በገንዘቧ እየገዛች ነው። ለፊት ቅልቅል ክሬም አትግዙ፣ አታማስሉ፣ ከዓረብ አገር በሻንጣ የመጣ ስም የለሽ ማቅያ አትቀበሉ፤ ሜርኩሪ ያለበት አለ፣ እሱ ኩላሊት ያበላሻል። እየተጠቀማችሁ ከቆያችሁ በአንድ ጊዜ አትጣሉት፤ ፊት ሊቆጣና ሊያብጥ ይችላልና የቆዳ ሐኪም እየመራችሁ ተዉት። ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የሙያ ባልደረቦቼም አሉ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ታዲያ ምን እንቀባ? ጥቂት ነው። ታጥባችሁ ፊት እርጥብ እንዳለ በጣም ስስ የሆነ ቫዝሊን ቆዳ ውኃው እንዳያመልጠው ይይዛል፤ የውድ ክሬም ትልቁ ሥራም ይኸው ነው። ብጉር የሚወጣባት ግን ቀለል ያለ ቅባት ትፈልግ። በትክክል ኮላጅን ያሠራል ተብሎ የተመሰከረለት ትሬቲኖይን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲጠና የኖረ፣ በሐኪም የሚታዘዝ የሌሊት ቅባት። ለመላው ፊት አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች፤ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ። ካጣደፉት ይቆጣል፣ የኛ ቆዳ ደግሞ ከተቆጣ ጠቁሮ ይቀራል። ለውጡ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፤ ቀጫጭን መስመርን ያሳሳል፣ የተንጠለጠለ መንጋጋ ግን አያነሣም። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች አትንካው። የእንቁላል ነጭ ሲደርቅ ቆዳን ይወጥራል፣ ሲታጠብ ያበቃል። ማር፣ እሬት፣ እርጎ አይጎዱም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ መውጣት ግን ቆዳን ያቃጥላል። «ሹሩባ ጥብቅ ሲል ፊት ይወጥራል» ብለው የሚሠሩም አሉ፤ የነዚህን ሴቶች ግንባር ከ10 ዓመት በኋላ አይቻለሁ፣ ፀጉሩ ከዳር ተነቅሎ አልተመለሰም። ሲጋራና ሺሻ ኮላጅን ይበላሉ። በአንድ ወር ብዙ ኪሎ መቀነስም የጉንጭን ስብ ያሳጣል። ጉንጭ የሚሞላ መርፌ ደግሞ ውበት ሳሎን ውስጥ ሐኪም ካልሆነ ሰው አትወጉ፤ የደም ሥር ከዘጋ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

የመጨረሻው ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የዕድሜ መውረድ ቀስ ብሎ፣ በዓመታት፣ በሁለቱም ጉንጭ ነው የሚመጣው። በድንገት፣ በአንድ ወገን የወረደ ፊት የክሬም ጉዳይ አይደለም። የፊት ነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ በ3 ቀን ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ክንድ ከደከመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት የ50 ዓመት ያህል ሴት ሻሿን ወደ ቀኝ ጉንጯ ስባ መጣች። «ፊቴ ወረደ፣ የሚወጥር ነገር ስጪኝ» አለችኝ። መቼ እንደጀመራት ስጠይቃት «ዛሬ ስነሣ» አለች፤ ጎረቤት ምች ነው ብሏታል። ሁለቱን እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ዓይኗን እንድትጨፍን ነገርኳት። ቀኙ ቀስ እያለ ወረደ፤ እሷ አላወቀችውም። ባንኮኒውን ለረዳቴ ትቼ ታክሲ አስቆምኩና ወደ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። መንገድ ላይ በተሳሰረ አንደበት ክሬሙን ረስተን እንደመጣን ነገረችኝ።