ዝግ ብሎ የተጫወተ ሰው፦ ለጄ ጄ ኬል ላዘናችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አንዳንድ ሰው መኖሩም መሞቱም በአንድ ቀን ይሰማል። አሜሪካዊው ጊታሪስት፣ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ጄ ጄ ኬል ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2013 ካሊፎርኒያ፣ ላ ሆያ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል በልብ ሕመም ሲያርፍ 74 ዓመቱ ነበር። ያኔ ዜናው ሲነገር «እሱ ደግሞ ማነው?» ያለ ብዙ ነው፤ ዘፈኖቹ ሲጠሩለት ግን «እንዴ! ይሄም የእሱ ነው?» ብሎ ክው አለ። ዛሬም ከእናንተ አንዱ አንድ ዜማ ደስ ብሎት የደራሲውን ስም ሲያፈላልግ፣ ሰውየውን ባገኘበት ደቂቃ ማረፉንም አብሮ ያነባል። ትውውቁና ለቅሶው ይገጣጠሙበታል። ዘግይቶ ነው ብላችሁ አትሸማቀቁ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን የለቅሶው አኳኋን ነው። ያዘነለት ሁሉ ትሑት ነበር፣ ዝምተኛ ነበር፣ ዝና አይወድም ነበር ይላል። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ዕድሜውን ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ሲቀርጽና ሚክስ ሲያደርግ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ሲያዋህድ ለኖረ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ሙገሳ ጎደሎ ነው። ትሑት ሰው በየቦታው ሞልቷል። የአንድ ትውልድ ጊታሪስቶችን አጨዋወት የቀየረ ሰው ግን ስንት አለ? ትሕትናውን እያወደስን ሙያውን አብረን እንዳንቀብረው እፈራለሁ።

ኬል በ1938 ኦክላሆማ ሲቲ ተወልዶ ያደገው እዚያው ኦክላሆማ ግዛት ባለችው ተልሳ ነው። ብሉዙም፣ ካንትሪውም፣ ሮኩም፣ ጃዙም በአንድ መድረክ የሚገናኙባት ከተማ ነበረች፤ ከዚያ የወጣውን ዘና ያለ አጨዋወት ኋላ ላይ ሰዎች «የተልሳ ሳውንድ» አሉት። በ1960ዎቹ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግሮ ከከተማው ልጅ ከሙዚቀኛው ሊዮን ረስል ጋር ሠራ። ጊታር ከመጫወት አልፎ ከማሽኖቹ ፊት ተቀምጦ የሌሎችን ሙዚቃ ይቀርጽ ነበር። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። «ጄ ጄ» የሚለው ስም እንኳ የወጣለት እዚያው ነው፤ ጆን ኬል የሚባል ሌላ ሙዚቀኛ ስለነበረ እንዳይምታታ ብሎ አንድ የምሽት ክበብ ባለቤት ለጠፈለት። እንግዲህ ስሙን እንኳ ራሱ አላወጣውም! በ1966 «አፍተር ሚድናይት» የተባለውን ዘፈኑን በነጠላ ሸክላ አስቀረጸ፤ ሰሚ አጥቶ ቀረ። ኬልም ባዶ ኪሱን ወደ ተልሳ ተመለሰ።

ከዚያ በ1970 ታዋቂው እንግሊዛዊ ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ያንኑ ዘፈን በራሱ የመጀመሪያ ሶሎ አልበም ላይ ተጫወተው። ኬል ዘፈኑን በሬዲዮ ሲሰማ ዕድሜው ሠላሳን አልፏል፣ ኑሮውም ከእጅ ወደ አፍ ነበር። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው ግልጽ ነው፤ የተወደደውን አጨዋወት ይዘን «የእኔ ነው» እያልን እንሮጣለን። እሱ በመጀመሪያ አልበሙ ላይ ዘፈኑን እንደገና ሲቀርጽ ፍጥነቱን ቀነሰው። የኬልን ሁለት ቅጂዎች አከታትላችሁ ስሙ። የ1966ቱ ይጣደፋል፣ የክላፕተንም ያንን መንገድ ይከተላል። የኋለኛው የኬል ቅጂ ግን ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ቃሉም ዜማውም ያው ነው፣ የጊዜ አያያዙ ብቻ ተቀየረ፤ ከዚህ በኋላ ኬል ኬልን መሰለ።

አሁን ጆሮ ማዳመጫችሁን አድርጉና ከመጀመሪያ አልበሙ የትኛውንም ዘፈን ክፈቱ። ድምፁ የት ነው ያለው? እኛ ባለሙያዎች ስንማር የተነገረን ዘፋኙ ከሁሉም ፊት መቆም እንዳለበት ነው። የኬል ድምፅ ግን ከጊታሩና ከቤዙ መሀል ገባ ብሎ ተቀምጧል፤ ቃሉን ለመለየት ጆሮህን ማቅረብ አለብህ። ማይኩ አጠገብ ሆኖ በቀስታ ነው የሚዘፍነው፣ አንዳንዴም የራሱን ድምፅ በራሱ ድምፅ ላይ ደርቦ። ስንፍና ወይም ዓይን አፋርነት የሚመስለው ካለ ድጋሚ ይስማ። እንዲህ ያለ ሚክስ በአጋጣሚ አይገኝም፤ ማሽኑን የሚያውቅ ሰው አስቦበት የሠራው ነው። የሎስ አንጀለሱ የቀራጭነት ሥራ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው።

ምቱንም ልብ በሉት። ከቀረጻዎቹ አንዳንዶቹ ላይ ከድራመር ይልቅ የድራም ማሽን ነው ያለው፤ ያኔ ይህን የሚደፍር ብዙ ሰው አልነበረም። ማሽኑ ፍንክች አይልም። የኬል ጊታር ደግሞ ከምቱ ኋላ በጥቂቱ ጎተት ይላል፣ ደርሶ ይነካውና መልሶ ይለቀዋል። በሁለቱ መካከል ያለችው ያቺ ትንሽ ክፍተት ናት ሰውን የምታወዛውዘው። ሶሎው ሲመጣ ደግሞ «አሁን ሊጀምር ነው» ስትሉ ያልቃል። ብዙዎቹ ዘፈኖቹ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞሉም።

መሣሪያውስ? በሰፊው የሚታወቅለት ጊታር ሃርመኒ የሚባል ርካሽ ሥሪት ነበር። የጀርባውን እንጨት ገንጥሎ ጥሎ፣ ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ዕቃዎች) እና መቆጣጠሪያ ቁልፎች ገጥሞበት፣ ሽቦው ከኋላ እየታየ ይጫወትበት ነበር። ፎቶውን ያየ የተበላሸ ዕቃ ይመስለዋል። ውድ ጊታር እስክገዛ ብላችሁ ሥራ ያቆማችሁ ካላችሁ ያንን ጀርባ አልባ ሃርመኒ ፈልጋችሁ እዩት። ብቻ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ እሱ የሚፈልገውን ድምፅ ያውቅ ነበር። የሚፈልገውን ሳያውቅ ጊታር የሚፈታ ሰው መጨረሻው የተፈታ ጊታር ብቻ ነው።

ስቱዲዮ የሚመጣ ወጣት ጊታሪስት የመጀመሪያ ቃሉ «ትንሽ ጨምርልኝ» ነው። ይጨመርለታል። ቀጥሎ ኪቦርዱ አልተሰማሁም ይላል፤ ለእሱም ይጨመራል። ድራመሩ ይቀየማል፣ ዘፋኙ ይቆጣል፣ ሁሉም ከፍ ከፍ ይልና መጨረሻ ላይ ማንም አይሰማም። እኔም እያንዳንዱን ቁልፍ መልሼ ወደ ታች ሳወርድ አድራለሁ። ኬልን የምወደው ይህን ስላየሁ ነው። ቦታ የሚተው ተጫዋች ለባልደረባው ያዘነ ይመስለን ይሆናል፣ ዋናው ተጠቃሚ ግን ራሱ ነው፤ ዝምታ ውስጥ የገባች አንዲት ኖታ ከጫጫታ መሀል ካሉት መቶዎቹ ትበልጣለች።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ስለ ኬል የሚያዝኑ ሰዎች ይህን አያነሱትም፣ ነውር ይመስላቸዋል መሰለኝ። ሰውየው እንደዚያ ዘና ብሎ መኖር የቻለው የዘፈኖቹ ደራሲ ስለሆነ ነው። አሜሪካ ውስጥ መደበኛው ሬዲዮ አንድ ዘፈን ሲያጫውት የሚከፍለው ለግጥምና ዜማ ደራሲውና ለአሳታሚው እንጂ ለዘፋኙ አይደለም። ስለዚህ የሮክ ባንዱ ሌናርድ ስኪናርድ አባላት በ1974 «ኮል ሚ ዘ ብሪዝ»ን ሲጫወቱት፣ ክላፕተንም በ1977 «ኮኬይን»ን ሲያወጣ፣ መድረኩ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ የደራሲው ድርሻ ግን ለኬል ይገባ ነበር። ለረጅም ጊዜ ተጎታች ቤት ውስጥ ነው የኖረው፤ ያ ግን ምርጫው ነበር። ደስ ሲለው አልበም ያወጣል፣ ሳይለው ዓመታት ያልፋሉ፣ የሚያስቸኩለው የለም።

እናንተ ግን ዝምተኛ ሙዚቀኛ ስትባሉ ደስ ብሏችሁ የራሳችሁን ሥራ ስም ሳታስጽፉ ትወጣላችሁ። በጊታር ዜማውን ያወጣው ልጅ «ምን አለበት፣ ጓደኛሞች ነን» ይላል፤ አልበሙ ሲወጣ ስሙ የለም። ይሄ ትሕትና አይባልም። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ ገና ሁላችሁም አንድ ክፍል ውስጥ እያላችሁ፣ ግጥሙን ማን ጻፈ፣ ዜማውን ማን አወጣ፣ ድርሻው ስንት ስንት ነው የሚለውን በወረቀት አስፍራችሁ ፈርሙ። ያለዚያ ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ የድርሻው ጥያቄ ይነሳና ወዳጅነት ያፈርሳል፤ ደጋግሜ አይቻለሁ። ኬል ድምፁን ዝቅ አደረገ እንጂ ስሙን ከዘፈኑ ላይ አላነሳም።

ስለ እምቢታውም የሚወራ አለ። በ1972 «ክሬዚ ማማ» በአሜሪካ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 22ኛ ደርሳ ነበር፤ በስሙ ከዚያ በላይ የወጣ ዘፈን የለውም። በዚያ ሰሞን በወጣቶች ዘንድ እጅግ የታወቀ የቴሌቪዥን ዝግጅት ጋበዘው። ባንዱን ይዞ መግባት እንደማይችል፣ የተቀረጸው ሲጫወት አፉን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ሲነገረው ትቶት ሄደ። ታሪኩ ደስ ይላል፣ እኔም ሳወራው ደስ ይለኛል። ግን ይህን ሰምቶ የመጣለትን መድረክ ሁሉ የሚገፋ ወጣት ካለ ይታገሥ። ኬል ያኔ በክላፕተን የተዘፈነ ዘፈን ነበረው፤ እምቢ ሲል የሚያጣውን ያውቃል፣ ደግሞም መጫወት ሳይሆን መጫወት የማስመሰል ነው እምቢ ያለው። የመጀመሪያ አልበሙ ሽፋን ላይ እንኳ ያለው የእሱ ፎቶ ሳይሆን ረጅም ኮፍያ ያጠለቀ የእንስሳ ሥዕል ነው። ፊቱን ደበቀ፣ ሥራውን ግን ፊት ለፊት አስቀመጠው።

ከእሱ የተማሩት ሰዎች እንዴት እንዳዘኑ ደግሞ ተመልከቱ። ክላፕተን በ1970ዎቹ ከጮኸ ጊታር ወደ ረጋ ያለ አጨዋወት ሲዞር የኬል እጅ በግልጽ ይሰማበታል። የዳየር ስትሬትስ ባንድ ጊታሪስት ማርክ ኖፍለርም ከእሱ የተማረውን አልደበቀም፤ ሆኖም ኖፍለርን ከኬል ጋር የሚያምታታ ጆሮ የለም። ዘና ማለቱን ወሰደ፣ ጣቶቹ ግን የራሱ ናቸው። ክላፕተንና ኬል በ2006 አብረው አልበም ሠርተው ነበር፤ በ2008 ግራሚ አገኘ። ኬል ካረፈ በኋላ በ2014 ክላፕተን እነ ኖፍለርን፣ ቶም ፔቲን፣ ዊሊ ኔልሰንንና ጆን ሜየርን ሰብስቦ የኬልን ዘፈኖች ብቻ የያዘ አልበም አወጣ። ሙዚቀኛ ሲያዝን እንዲህ ነው የሚያምረው። ስሰማው የገረመኝ ያ ሁሉ ባለ ዝና አንድ ላይ ተሰብስቦ ማንም ማንንም ለመብለጥ አለመሞከሩ ነው፤ የቤቱን ጠባይ አክብረው ገቡ።

አድናቂዎቹ ያኔ በገንዘብ ምን እናድርግ ሲሉ ከእሱ ወገን የተሰጠው መልስም እሱን ይመስላል፦ መዋጮ አያስፈልግም፤ እንስሳት ይወድ ነበርና ከፈለጋችሁ አቅራቢያችሁ ላለ የእንስሳት መጠለያ ስጡ።

ለእናንተ የምለው ግን ሌላ ነው፤ ካዘናችሁ አንዱን ዘፈኑን ውሰዱና የጊታሩን ክፍል ብቻ ለይታችሁ ተማሩ። ቀላል ነው ብላችሁ ትጀምራላችሁ፤ ኮርዶቹ ጥቂት ናቸው፣ ጣት የሚያስር ነገር የለበትም። ከዚያ ራሳችሁን ቀርጻችሁ መልሳችሁ ስሙ፤ እንደተጣደፋችሁ ይገባችኋል። ከማሽኑ ምት ጋር ሆናችሁ ሳትቀድሙና ከልክ በላይ ሳትጎተቱ፣ በመሀል ምንም ሳትጨምሩ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ከፈጣን ሶሎ የበለጠ ያደክማል። የሚያስተምራችሁ ሰው ብትፈልጉ እሱ ራሱ አለ፤ ድምፁን ብቻ ከፍ አድርጉት።

ከመሰናበቴ በፊት አንድ የሙያ ነገር። በ2019 «ስቴይ አራውንድ» የተባለ አልበም ወጥቷል፤ ኬል ቀርጾ ካስቀመጣቸውና ሳይወጡ ከቆዩት ሥራዎቹ ባለቤቱ ክሪስቲን ሌክላንድና የቆየ ሥራ አስኪያጁ መርጠው ያዘጋጁት ነው። አድናቂዎቹ ካረፈ ከስድስት ዓመት በኋላ አዲስ ዘፈን የሰሙት ቀረጻው ስለተቀመጠ ነው። በየስልካችሁና በየኮምፒውተራችሁ «አዲስ 1»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው የመጨረሻ» እያላችሁ የምታከማቹትን ነገር እኔም አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ፋይል ሲመጣልኝ ደሜ ይፈላል። ዛሬ ማታ ተቀመጡና በእያንዳንዱ ላይ የዘፈኑን ስም፣ የተቀረጸበትን ቀን፣ ማን ምን እንደተጫወተና ደራሲው ማን እንደሆነ ጻፉበት፤ አንድ ቅጂም ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የድምፅ ባለሙያ