የሳታችሁት ጥያቄ የምታነቡትን ይንገራችሁ

ልጆቼ፣ ከደብረ ማርቆስም ከቢቸናም የማገኛችሁ ተማሪዎች የምትጠይቁኝ አንድ ነው፦ «መምህር፣ ለባዮሎጂ የትኛው አጋዥ መጽሐፍ ይሻላል?» እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ «የቱን ሳታችሁ?»

ስልካችሁ ከቴሌግራም በወረደ ፒዲኤፍ ተሞልቷል። የምትከፍቱት ግን የምታውቁትን ምዕራፍ ነው፤ የሚያውቁትን ማንበብ ደስ ይላላ! ውጤት የሚጨምረው ከምትሸሹት ምዕራፍ ነው።

መጀመሪያ ያለፈ ዓመት ፈተና መጽሐፍ ዘግታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። የሳታችሁትን በየምዕራፉ ለዩና ለምን እንደሳታችሁት መርምሩ። ሜዮሲስን፣ ማለትም የዘር ሴሎች የሚገኙበትን የሴል ክፍፍል፣ እንውሰድ። ብዙ ተማሪ የደረጃዎቹን ስም ሸምድዶ ይወጣዋል። የጤፍ ቅጠል ሴል 40 ክሮሞሶም ካለው እንቁል ሴሉ ስንት አለው ሲባል ግን ይደናገራል። 20 ነው። ቁጥሩ የሚገመሰው በመጀመሪያው ክፍፍል ነው፤ ጥንድ ጥንድ የነበሩት ክሮሞሶሞች ተለያይተው አንዱ ወደ አንዱ ሴል፣ ሌላው ወደ ሌላው ይሄዳል። በሁለተኛው ክፍፍል የሚለያዩት እህት ክሮማቲዶች (የአንዱ ክሮሞሶም ሁለት ቅጂዎች) ስለሆኑ ቁጥሩ እዚያው 20 ላይ ይቆያል። ይህን ለሳተ ልጅ ወፍራም ማጠቃለያ ምን ያደርግለታል? ማይቶሲስን (የክሮሞሶም ቁጥር የማይለወጥበትን የሴል ክፍፍል) እና ሜዮሲስን ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ሥዕል ይበቃዋል። እሱን አይቶ ይሸፍነው፣ በባዶ ወረቀት ከራሱ አውጥቶ ይሣለው፣ ከዚያ በዚሁ ርዕስ ላይ ብቻ የወጡ ጥያቄዎችን ይሥራ።

ትምህርቱን እያወቀ እንግሊዝኛው የሚጥለውም አለ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ እያመላለሱ የሚማሩት ልጆች በዚህ ሲጎዱ ማየት ያሳዝነኛል። በጠላ ጥንስስ ውስጥ እርሾው ኦክስጅን ሳያገኝ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለውጥ ልጁ በአማርኛ አሳምሮ ያስረዳል፤ ያው ነገር በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ግን ይስታል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ሌላ አጋዥ መጽሐፍ አልመክረውም። የምዕራፉን ቃላት ከነፍቺያቸው በእጁ የጻፈበት ደብተር ይያዝ። አብረውት የሚኖሩት ልጆች ማታ ማታ በዚያ ይጠይቁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሌላ ዓመት ፈተና አውጡና ያንኑ ምዕራፍ ብቻ ሥሩ። ከተሻሻላችሁ ወደ ቀጣዩ ድክመታችሁ እለፉ። ካልተሻሻላችሁ ማጥኛውን ለውጡ፤ የሳታችሁትንም ጥያቄ ከነሠራችሁበት ወረቀት ይዛችሁ ወደ መምህራችሁ ሂዱ።