ማዕዘኑ አልገጥም ያለ የቁርጥራጭ ጨርቅ አልጋ ልብስ

ጥያቄ፦ የጥጥ ቁርጥራጭ አሰባስቤ በእጄ እየቀጣጠልኩ የሕፃን አልጋ ልብስ ጀምሬአለሁ። ጎናቸው 7.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ 9 ካሬ ቆርጬ ሦስት በሦስት ስገጣጥም፣ 19.5 ሴንቲ ሜትር መውጣት የነበረበት 18.7 ሆነ። ማዕዘኖቹም አይገናኙም። (ሰ. ከሐዋሳ)

መልስ፦ የጎደለችው 8 ሚሊ ሜትር የት እንደገባች ሒሳቡ ይናገራል። በአንድ ረድፍ ሁለት ስፌት አለ፤ እያንዳንዱ ከግራም ከቀኝም ስለሚበላ አራት ጠርዝ ይታጠፋል። ለስፌት የሚተወው 7.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን እርስዎ ግን ወደ 9.5 ገደማ እየወሰዱ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር አራት ጊዜ፣ ስምንት።

ይህ የሚመጣው የጨርቁን ጠርዝ እያዩ በግምት ከመስፋት ነው። በእጅ ሲሰፋ የሚታመነው የተሰመረ መስመር እንጂ ጠርዙ አይደለም። ከጠንካራ ካርቶን ልክ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ካሬ ያውጡ፤ በጨርቁ ጀርባ መሀል ላይ አስቀምጠው በሾለ እርሳስ ዙሪያውን ያስምሩ። የቆረጧቸውን መጣል አያስፈልግም፣ እነሱኑ ያስምሩባቸው። ካርቶኑ በእርሳስ ብዛት ማዕዘኑ ሲዶለዱም ይቀይሩት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ሁለቱን ፊትና ፊት ያጋጥሙ። ስፒሉን በላይኛው መስመር ማዕዘን ላይ ሲወጉት በታችኛው ማዕዘን ላይ ልክ መውጣት አለበት፤ ገልብጠው ይዩት። በሌላው ማዕዘንና በመሀሉም እንዲሁ። ክሩ ነጠላ፣ ከ45 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ይሁን፤ ከረዘመ ይተበተባል፣ ይሳሳል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይውጉ፣ መነሻና መድረሻው ላይ ወደ ኋላ መለስ ብለው ይድገሙ። ስፌቱ ከመስመሩ ማዕዘን አይለፍ።

ረድፍ ከረድፍ ሲያያዝ ግን የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ አብረው አይስፉት። መርፌውን ከሥሩ አሾልከው ወደ ማዶ ያሳልፉና ከወዲህም አንዴ ከወዲያም አንዴ ደግመው ያጥብቁ። ትርፉ ከተሰፋ በካውያ ወደ ፈለጉት ጎን አይተኛም፣ መገናኛውም እንደ ጉብታ ያብጣል። ሲተኩሱ ትርፉን ወደ ጠቆር ያለው ጨርቅ ያስተኙት፤ ወደ ነጩ ከሆነ ከላይ ጥላው ይታያል።

ጥያቄ፦ የሠራሁት ሲታጠብ ቀዩ ነጩን በከለው፣ አንዳንዱም ተኮማተረ። (ከዱባይ)

መልስ፦ ሳይቆረጥ በፊት መታጠብ ነበረበት። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅን ከነጭ እራፊ ጋር ለብ ባለ ውኃ ይዘፍዝፉ፤ እራፊው ቀለም ከያዘ ይደገማል፣ ካላቆመ ያንን ጨርቅ ይተዉት። አሁን የበከለውን ሳይደርቅና ሳይተኮስ እንደገና ይጠቡት። ጥጥ ከፖሊስተር ጋር አይቀላቀል፣ እኩል አይኮማተሩም። ሳሳ ያለ ሸማ ቶሎ ስለሚተረተር ለስፌት 1 ሴንቲ ሜትር ይተዉለት።

ጥያቄ፦ ለሕፃን ስንት ካሬ ይበቃል?

መልስ፦ ለ72 በ90 ሴንቲ ሜትር፣ ተሰፍቶ ሲያልቅ እያንዳንዱ 18 ሴንቲ ሜትር የሚሆን 20 ቁራጭ ያስፈልጋል። ሁሉም ባለ 9 ካሬ ከሆነ 180 ካሬ ነው። ለጀማሪ ግን አንዱን ባለ 9፣ ቀጣዩን በ19.5 የተቆረጠ ወጥ ጨርቅ ማድረግ ይሻላል፤ ያኔ 90 ይበቃል። ለጀርባው የታጠበ አቡጀዲ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር አስበልጠው ይቁረጡ።