ሽንኩርቱ ካልጠቆረ እንጉዳዩ ይበላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ደብረ ሲና አካባቢ ነው። ክረምት ላይ ልጆቹ ከወፍ ዋሻ ደን ጥግ እንጉዳይ ለቅመው ያመጣሉ። ፍልሰታ ጾም ላይ ጠብሰን እንበላዋለን። አማቴ መጀመሪያ በነጭ ሽንኩርት ይቀቅሉታል፤ ሽንኩርቱ ካልጠቆረ መርዝ የለውም ይላሉ። እስካሁን ምንም አልሆንም። አሁን የሦስት ዓመት ልጄም መብላት ጀምራለች። ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ አለው። ለልጅቷ አይስጧት፤ እናንተም ብትተዉት ይሻላል።

አማትዎን ማስቀየም አልፈልግም፤ የሽንኩርቱ ፈተና ግን አይሠራም። «የብር ማንኪያ ካልጠቆረ መርዝ የለውም» የሚባለውም እንደዚያው። «ከብት ከበላው ሰውም ይበላዋል» የሚባለውም አያስኬድም። ቀንድ አውጣ ሰው የሚገድለውን እንጉዳይ በልቶ ደህና ይሄዳል።

እኛ ሐኪሞች በጣም የምንፈራው አማቶክሲን የተባለውን መርዝ ነው። ቢቀቅሉት፣ ቢጠብሱት፣ ቢያደርቁት አይጠፋም። ጣዕሙም አያስጠረጥርም። ክፋቱ ደግሞ ቶሎ አለመታወቁ ነው። ማታ የበላ ሰው ሰላም ተኝቶ ያድራል። አብዛኛውን ጊዜ ከበላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ፣ ትውከትና ተቅማጥ ያጣድፈዋል። በማግስቱ ጋብ ይልለታል፤ ቤተሰብም «ተመስገን» ይላል። ጉበቱ የሚጎዳው ግን በዚያው ጊዜ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ይመጣል፤ ያኔ የእኛም እጅ ያጥራል።

አምና የበላችሁት ደህና ነበር ማለት ዘንድሮ የተለቀመው ያው ነው ማለት አይደለም። ገዳዮቹ ብዙውን ጊዜ ከጃንጥላቸው ሥር ነጭ ሽንሽን፣ እግራቸው ላይ ቀለበት፣ ሥራቸው ላይ ደግሞ ከረጢት መሳይ ነገር አላቸው። ከረጢቱ አፈር ውስጥ ነው። ልጆች ደግሞ ከላይ ቀጥፈው ነው የሚያመጡት! ምልክቱ ደን ውስጥ ቀረ ማለት ነው። እነዚህን ምልክቶች ያላየንበት ሁሉ ይበላል ማለትም አይደለም፤ ሌላ ዓይነት መርዛማም አለ። ካማራችሁ በገለባ ላይ የሚመረተውን ገዝታችሁ ብሉ።

የደን እንጉዳይ በልቶ የታመመ ካለ ወተት እያጠጣችሁ አትጠብቁ፤ በግድም አታስተፉት። ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ደብረ ብርሃን ሪፈር ከተባለ ተሽሎኛል ቢልም አትቅሩ። የተረፈውን እንጉዳይ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላችሁ አምጡ፤ ፌስታል ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። በስንት ሰዓት እንደተበላም ንገሩን። አብረው የበሉት ሁሉ፣ ምንም ያልተሰማቸውም ጭምር፣ ይምጡ።