ጥያቄና መልስ፦ የፓይተን ሎግ ወደ ስክሪንም ወደ ፋይልም

ሰላም ወገኖች። በፕሮግራም ቋንቋው በፓይተን ስለሚጻፍ ሎግ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ስለ ሥራው ስለሚያወጣው የመዝገብ መልእክት፣ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ መልሻለሁ። አብዛኞቹ የሚነሱት መልእክቱ አንድ ሆኖ መድረሻው ከአንድ በላይ ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ መልእክቶቼን ስክሪን ላይ ማየትም ፋይል ውስጥ ማስቀመጥም እፈልጋለሁ። አሁን ፕሪንት አደርግና ያንኑ መስመር ደግሜ ፋይል ላይ እጽፋለሁ። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ አለ፤ ምንም መጫን አያስፈልግህም። ሎጊንግ የሚባለው ሞጁል እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው ፓይተን 2.3 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። መልእክቱን የሚቀበለው ሎገር ነው፤ ወደ መድረሻው የሚያደርሰው ደግሞ ሃንድለር። አንድ ሎገር የፈለግከውን ያህል ሃንድለር ሊይዝ ይችላል። ለስክሪኑ ስትሪምሃንድለር፣ ለፋይሉ ፋይልሃንድለር ፍጠርና ሁለቱንም በአድሃንድለር ጨምራቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ የጻፍከው መልእክት በሁለቱም ይወጣል። ለአጭር ስክሪፕት ሎጊንግን ባንድ ጊዜ በሚያዘጋጀው ቤዚክኮንፊግ ውስጥ ሃንድለርስ ብለህ ሁለቱን በዝርዝር ብትሰጠው ይበቃል። ስትሪምሃንድለር ሌላ ካልተነገረው የሚጽፈው ወደ ስታንዳርድ ኤረር (ከዋናው ውጤት ተለይቶ ለስህተት መልእክት የተተወው መውጫ) ስለሆነ ሎጉ ከፕሮግራሙ ዋና ውጤት ጋር አይደባለቅም።

ጥያቄ፦ ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ፋይሉ ላይ ግን ሁሉም ነገር እንዲገባ ነው የምፈልገው። ፋይልሃንድለሩን ዲበግ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ፋይሉ ግን ባዶ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ መልእክት የሚያልፈው ሁለት በር ነው፤ መጀመሪያ የሎገሩን፣ ቀጥሎ የእያንዳንዱን ሃንድለር። እያንዳንዱ በር ከራሱ ደረጃ በታች የሆነውን መልእክት አያሳልፍም፤ ደረጃዎቹም ዲበግ 10፣ ኢንፎ 20፣ ዋርኒንግ 30፣ ኤረር 40፣ ክሪቲካል 50 ነው። ሎገርሽ የራሱ ደረጃ ካልተሰጠው ከበላዩ ያለውን ይወርሳል፤ የሁሉም የበላይ የሆነው ሩት ደግሞ ካልቀየርሽው 30 ላይ ነው። ሃንድለሩን 10 ብታደርጊውም መልእክቱ እሱ ጋ ሳይደርስ ቀርቷል። ስለዚህ ሎገሩን ለዲበግ ክፈቺውና ምርጫውን ለሃንድለሮቹ ተዪላቸው፤ ፋይሉ ዲበግ፣ ስክሪኑ ዋርኒንግ ይሁን።

ይህን አሠራር ለሁላችሁም አጥብቄ እመክራለሁ። ሰርቨር ሌሊት ሲወድቅ ጠዋት የሚፈለገው ማንም ልብ ያላለው ዝርዝር ነው፤ ሎገሩ ጋ የቀረ መልእክት ግን ከየትም አይገኝም። ደግሞ የምትከፍቱት የራሳችሁን ሎገር እንጂ ሩቱን አይሁን። ሩቱን ዲበግ ካደረጋችሁት የምትጠቀሙባቸው ላይብረሪዎች ሁሉ ወሬያቸውን ፋይላችሁ ላይ ያፈሱታል።

ጥያቄ፦ እያንዳንዱ መስመር ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጣል። ለምን?

መልስ፦ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው፣ ሃንድለር የሚጨምረው ኮድ ተደጋግሞ የሚጠራ ፋንክሽን ውስጥ መሆኑ ነው። ሎገር የምንጠይቅበት ጌትሎገር ለአንድ ስም ሁልጊዜ ያንኑ ሎገር ስለሚመልስ ሃንድለሮቹ እየተደራረቡ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ውርስ ነው፤ ልጅ ሎገር (ከሌላ ሎገር በታች ያለ) መልእክቱን ለራሱ ሃንድለሮች ሰጥቶ ሲያበቃ ለወላጁ ሃንድለሮችም ያስተላልፋል፤ ያኔም የወላጁ ሎገር ደረጃ አይታይም፣ የሃንድለሩ ብቻ እንጂ። ይህን ማስተላለፍ ለማስቆም የልጁን ፕሮፓጌት ፎልስ ማድረግ ይቻላል። እኔ የምመርጠው ግን ሃንድለሮቹን ሩቱ ላይ ብቻ፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ አንድ ጊዜ መስቀል ነው።

ጥያቄ፦ የደንበኛ ስም በአማርኛ ሲሆን ስክሪኑ ላይ የስህተት መዓት ይወርዳል፣ መስመሩም ከፋይሉ ይጠፋል። ዊንዶውስ ነው የምጠቀመው።

መልስ፦ ፋይልሃንድለሩን ስትፈጥር ኢንኮዲንግ (ፊደል ፋይል ላይ የሚጻፍበት ስልት) ዩቲኤፍ-8 ብለህ ንገረው። ካልነገርከው ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ ሲፒ1252ን ይወስዳል፤ እሱ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለውም። ሎጊንግ በመጻፍ ላይ የገጠመውን ስህተት ስታንዳርድ ኤረር ላይ አውጥቶ ፕሮግራሙን ስለሚቀጥል፣ ስክሪኑን የሚያይ ከሌለ የጠፋውን መስመር ማንም አያውቅም። በአማርኛ የምንሠራ ሰዎች ይህችን አንድ ቃል ከልማድ ልናስገባት ይገባል።

ጥያቄ፦ ፋይሉ ዲስኩን ሞላው።

መልስ፦ በፋይልሃንድለር ፈንታ ሮቴቲንግፋይልሃንድለር ተጠቀም፤ ፋይሉ ሲሞላ ወደ ጎን አድርጎ አዲስ ይጀምራል። ማክስባይትስ የአንዱ ፋይል ጣሪያ በባይት፣ ባክአፕካውንት የሚቆዩት አሮጌ ፋይሎች ብዛት ነው። ማክስባይትስ 10 ሚሊዮን፣ ባክአፕካውንት 5 ብትለው ከሞላ ጎደል ከ60 ሜጋባይት አያልፍም። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ግን ፋይሉ ፈጽሞ አይቀየርም።

ጥያቄ፦ አራት ፕሮሰስ (ለየብቻ የሚሮጡ ፕሮግራሞች) አንድ የሎግ ፋይል ላይ ቢጽፉ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሎጊንግ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያሉ ትሬዶችን (ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎችን) ያስተባብራል፣ የተለያዩ ፕሮሰሶችን ግን አያስተባብርም። አንዱ ፋይሉን ሲቀይር ሌሎቹ አሮጌውን እንደያዙ ይቀራሉ። መፍትሔው እያንዳንዱ ፕሮሰስ በኪውሃንድለር ወደ አንድ የጋራ ኪው (ወረፋ) እንዲልክ፣ ከኪው የሚያነበው አንድ ኪውሊስነር ብቻ ወደ ፋይሉና ወደ ስክሪኑ እንዲያደርስ ነው። ሊስነሩን ስትፈጥሩ ሪስፔክት ሃንድለር ሌቭል የሚለውን ትሩ አድርጉት፤ አለበለዚያ በየሃንድለሩ ያስቀመጣችሁትን ደረጃ ችላ ይላል።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሜ ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ነው የሚሠራው። ፋይል ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግህም። ዶከር ስታንዳርድ አውትፑትንና ስታንዳርድ ኤረርን ራሱ ይሰበስባል፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ የጻፍከው ፋይል ግን ቮሊውም (ከኮንቴይነሩ ውጭ የሚቆይ ማከማቻ) ላይ ካልሆነ ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ሎጋችን ውስጥ የደንበኞች ስልክ ቁጥር ይገባል። ሰርቨራችን ላይ ባለው ፋይል ይቆይ፣ ወደ ውጭ አገልግሎት በሚላከው ግን እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ መድረሻ በጨመርን ቁጥር የሰው ምስጢር የሚወጣበት ቀዳዳም ይጨምራል። ፊልተር (መልእክቱን የሚያጣራ ኮድ) ጻፊና በሃንድለሩ ላይ አድርጊው። ሎገሩ ላይ ብታደርጊው ከልጅ ሎገሮች የሚመጣውን አያጣራም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ፤ ለሃንድለሮቹ ሁሉ የሚደርሰው ያው አንድ ሪከርድ (የመልእክቱ መዝገብ) ነው። ፊልተርሽ ሪከርዱን ራሱን ከቀየረው ከዚያ ሃንድለር በኋላ ያሉትም የተቀየረውን ያያሉ። ከፓይተን 3.12 ጀምሮ ፊልተር ሌላ ሪከርድ መመለስ ስለሚችል ቅጂ ሠርተሽ ቁጥሩን ቅጂው ላይ ሸፍኚ። ከዚያ በታች ያለ ፓይተን ከሆነ ወደ ውጭ በሚልከው ሃንድለር ፎርማተር (ሪከርዱን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው) ውስጥ፣ የመጨረሻው ጽሑፍ ከተዘጋጀ በኋላ መሸፈን ይሻላል፤ እንዲያ ሲሆን ከኤረር ጋር የሚመጣው ትሬስባክም (ስህተቱ የተነሳበት የኮድ ዱካ) አብሮ ይጸዳል።